የቁም ሣጥኑ ክብደት

የብስኩት ፋብሪካው ሠራተኞች «ጋሽ አየር» ይሉታል። ጋሽ የሚያሰኝ ዕድሜ ኖሮት አይደለም፤ ገና ሠላሳዎቹን እያጋመሰ ነው። ስለ አየር ግን የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የለም። ሥራው ካርቶን መንደፍ ነው። እሱ የነደፈውን ካርቶን መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ቤተሰብ ያጠግባል፤ ቤት ወስደው ሲከፍቱት አንድ ልጅ አኩርፎ የሚተወው የሚያህል ብስኩት መሀል ላይ ተጨባብጦ ቆሟል። ውጩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ።

ሕግ አልጣሰም። ግራሙ ከታች በኩል፣ ጉንዳን መነጽር አድርጋ በምታነበው ፊደል ተጽፏል። ጥበቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የካርቶኑ ወለል ከእውነተኛው ወለል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉ ደግሞ እሱ ራሱ የፈለሰፈው፣ «ክንፍ» የሚሉት እጥፍ ወረቀት አለ። ክንፉ ብስኩቱን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ይይዘዋል። ለምን ቢሉ፣ ገዢ ብልጥ ነው፤ ካርቶኑን ያነሣና ጆሮው ሥር ይነቀንቀዋል። ከተንኳኳ ጎደሎ ነው ብሎ ይመልሰዋል። የጋሽ አየር ካርቶን ግን አይንኳኳም። ግራ ቀኝ ቢነቀንቁት፣ ቢያርገፈግፉት፣ ዝም። የፋብሪካው ባለቤት የመጀመሪያውን ናሙና በጆሮው ሲሞክር ቆይቶ፣ ባዶ በርሜል ይጮኻል የሚባለው ተረት ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ተሽሯል አለና፣ ለብቻው የሚሆን ቢሮና የፋብሪካውን ቁልፍ ሰጠው።

አባቱ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ሲሸከሙ የኖሩ፣ በር ሲገቡ በጎን የሚገቡ፣ ሲቀመጡ ወንበሩ አቤት የሚል ሰው። ሠፈሩ «ቁም ሣጥኑ» ይላቸው ነበር። ቁም ሣጥን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ከኋላ ላያቸው ሁለት ቁም ሣጥን ተደራርቦ የሚወጣ ይመስል ነበርና።

ከዚያ በሽታው መጣ። በሽታ ሌባ ነው ይባላል፤ ይኼኛው ግን ጨዋ ሌባ ነበር፤ በሩን ሳይሰብር፣ መስኮቱን ሳይነካ፣ ዕቃውን ብቻ ቀስ እያለ የሚያወጣ። መጀመሪያ ትከሻቸውን ወሰደ፣ ከዚያ ጭናቸውን፣ ከዚያ አንገታቸውን። መጨረሻ ላይ ብርድ ልብሱ የተነጠፈ እንጂ ሰው የለበሰው አይመስልም ነበር። በር ጀርባ የተሰቀለው ካፖርታቸው ግን ትከሻውን እንደነፋ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካፖርቱ ላይ ነው፤ ሰላምታ የሚሰጥም አልጠፋም።

ያልቀነሰው ድምፃቸው ብቻ ነው። ያ ከምድር ቤት «ተጠንቀቅ» ሲሉ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ያርገበግብ የነበረ ድምፅ፣ ከዚያች እፍኝ ከማትሞላ ደረት ሲወጣ፣ የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ልጅየው ከኩሽና ሆኖ ሲሰማቸው የድሮው አባቱ ክፍሉ መሀል ቆመው የሚናገሩ ይመስለዋል። ሲገባ ትራስ ላይ የቀረችውን ፊት ያያል፤ ክው ይላል። ስለዚህም ብዙ አይገባም ነበር። የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ የምታጎርሳቸው ታላቅ እህቱ ናት። እሱ በር ላይ ቆሞ ብስኩት ያቀብላል። አባቱን አንድ ቀን እንኳ አቅፎ አላነሣም። እህቱ ወገቧን ይዛ ስታቃስት፣ እኔ ላግዝሽ ይላታል፤ እስክትመልስለት ግን ኮሪደሩን አጋምሶታል።

አንድ ከሰዓት አባቱ ጠሩት። ያመጣላቸውን አዲስ ካርቶን ከፍተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ብስኩቱን ግን አልነኩትም። እጃቸውን ሰደው የክንፉን እጥፍ ሲዳስሱ ቆዩና ወለሉን በጣታቸው ቆረቆሩ። ከታቹ ምን እንዳለ ጠየቁት። ምንም፣ አየር ነው አላቸው። ሰው ሲያነሣው አይነቃም ወይ አሉት። አይነቃም አለ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ የማያውቅ ኩራት ድምፁ ውስጥ ገባበት። አባቱ ስለ ሥራው ሲጠይቁት ይኼ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እስቲ በሩን ዝጋው» አሉት።

ዘጋው።

«ስሞት የሚያነሡኝ ጓደኞቼ ናቸው። ሌላ ሰው አይነካኝም፤ ወጉ ነው። አብረን ፍሪጅ ያወጣን፣ አብረን ፒያኖ ያወረድን ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ሰደው ብድግ ሲያደርጉኝ፣ እንደ ላባ ብድግ ካልኩላቸው አለቀልኝ። የቁም ሣጥኑ ነገር አንድ ሰሞን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ሰው ሲሞት አፈሩ ይቅለለው ይላሉ። አፈሩ እንደፈለገው ይሁን፤ እኔ ነኝ መቅለል የማልፈልገው።»

  ሥራውን የናቁበት ይመስሉት የነበሩት አባቱ ከሥራው ላይ ውለታ እየጠየቁት ነው።

«ለእኔ ተወው አባዬ» አለ። «ማንም አይነቃም።»

አባቱ ያን ጊዜ ብስኩቷን አነሡና፣ እስክታልቅ ድረስ እንደ ሰው ቁርጥም አርገው በሏት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልበሉ። በዚያው ወር አንድ ጠዋት፣ እህቱ ፊታቸውን ልታብስ ፎጣ ነክራ ስትመለስ፣ የሚታበስ ፊት እንጂ የሚታበስለት ሰው አልነበረም።

ልጅየው ከማልቀሱ በፊት ሜትር ፈለገ። እህቱ አክስታቸውን ለመጥራት ስትወርድ፣ አባቱን ሳይነካ ከራስ እስከ እግር፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካቸው። ከዚያ ወደ ካፖርቱ ዞረና እሱንም ለካው። ለአናጢው የሰጠው የካፖርቱን ልክ ነው።

አናጢው ግራ ገባው። ሣጥኑ ሁለት ሰው ይይዛል። ወለሉ ደግሞ ድርብ እንዲሆን፣ በሁለቱ ወለል መካከል አሸዋ እንዲሞላበት ታዟል። ለሬሳ ነው ወይስ ለመድፍ ብሎ ጠየቀ። ልጅየው፣ ሟቹ ከባድ ሰው ነበሩ አለው። እሱስ ገባኝ አለ አናጢው፤ ከባድ ከሆኑ አሸዋው ምን ሊያደርግላቸው ነው? ትከሻውን ነቅንቆ መጋዙን አነሣ። ሐዘንተኛና ሰካራም የሚለውን ማድረግ ነው፤ ነገ ይረሳዋል ብሎ መሆን አለበት።

የቀረው ክንፉ ነው። እሑድ ነበርና ፋብሪካው ዝግ ነው፤ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ አለ። ገብቶ መብራቱን አበራ። የታሸገው ብስኩት እስከ ጣራው ተደርድሯል፤ ግድግዳ ሙሉ የሱ ሥራ፣ ከየካርቶኑ ላይ ዓይንና እጅ ወጥቶላት የተሳለችው ፈገግተኛ ብስኩት ታየዋለች። መጋዘን ውስጥ ለአዲሱ ካርቶን ታትሞ የቀረ ወፍራም ወረቀት አገኘና መቁረጥ ጀመረ። ሙጫ የሚይዘው ባልታተመው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ በፋብሪካው ደንብ እጥፍ ሲሠራ የታተመው ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል። እጁ እንደለመደው አዞረው። አእምሮው ሌላ ቦታ ነበር፤ እሱ የሚያስበው ስለ ድምፅ ነው።

ሲጨርስ ብርድ ልብስ በገመድ ጠቅልሎ የአባቱን ልክ አበጀ፣ በክንፎቹ መካከል አስተኛው፣ በዕቃ መግፊያ ጋሪ ላይ አድርጎ ግራ ቀኝ ናጠው። አልተንኳኳም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈ። ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሠርቶ አያውቅም። ጆሮውን ለማንሣት ሲፈልግ ግን አንገቱ እምቢ አለው፤ ምክንያቱም ዝምታው ባዶ አልነበረም። በሩ ጀርባ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር። በዚያ ቅጽበት ከጀርባው፣ ከተደረደረው ብስኩት መካከል፣ አንዲት ካርቶን ውስጧ ተንቀሳቀሰባት። አንዴ። ኳ። ተነሥቶ አንድ በአንድ እያነሣ ጆሮው ሥር ነቀነቃቸው። ሁሉም ዝም አሉት። ክንፎቹን ጠቅልሎ ሲወጣ መብራቱን ማጥፋት ረሳ፤ ለማጥፋትም አልተመለሰ።

ሣጥኑ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እሱና አናጢው ብቻ ናቸው። ክንፉን አለበሱት። አናጢው ሬሳውን ብቻውን፣ እንደ ሳንቃ አቅፎ አስገባው፤ ልጅየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ክዳኑ ተመታ። እህቱ የመጨረሻውን ሳልስመው እንዴት ዘጋችሁት ብላ በሩን ስትደበድብ፣ ምስማሩ ገብቷል፣ አሁን ቢከፈት ነውር ነው አላት። አመነችው። ታናሽ ወንድሟ ተምሯል፤ ነውር የሚሆነውንና የማይሆነውን እሱ ያውቃል።

የፋብሪካው ባለቤት ለለቅሶው ብስኩት በጭነት ላከ። ሳሎኑ እስከ ግማሽ ግድግዳው በካርቶን ተሞላ፤ ያየ ሁሉ ምን ያለ ደግ አለቃ ነው አለ። ሲታደል ግን ገና ሁለተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ሳይደርስ አለቀ። የቀረው ባዶ ካርቶን ማስቀመጫ ጠፋና ኮሪደሩ ተዘጋ፤ ለቀስተኛ ሲገባ እግሩ ሥር ቧ ይላል። አንድ ጆሯቸው የማይሰማው አክስታቸው እንኳን ቧ ቧውን ሰምተው፣ ይኼ ሁሉ ድግስ መቼ ተበልቶ አለቀ ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኞቻቸው መጡ። ሁሉም ሸምግለዋል፤ ጉልበታቸው ግን ዛሬም የሰው አይመስልም። ከፊት «መሰላል» አሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚስቁትም የሚያለቅሱትም በአፍንጫቸው ነው። ከኋላ «ገመዱ»፣ ደረታቸው አጭር፣ ክንዳቸው እስከ ጉልበታቸው የወረደ። ሌሎቹም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ልጅየው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።  አንድ ሁለት ተባለ፣ ተነሣ።

ሣጥኑ ከመሬት ሲላቀቅ የሁሉም ፊት ቀላ። መሰላል ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩና ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «አይ ቁም ሣጥኑ» አሉ፣ «በሽታው ጨረሰህ ሲሉኝ አምኜ ነበር እኮ። ምንህም አልተነካ።»

ገመዱ፣ እንዲያውም ጨምሯል አሉ። ከሐዘኑ መሀል አንድ ትንሽ ሳቅ፣ የሚያኮራ ሳቅ አለፈ። ልጅየው ዓይኑ እንባ ሞላ። ቃሉን ጠበቀ። በሕይወቱ ከሠራው ካርቶን ሁሉ ይኼ በለጠ።

በሩን በጎን አድርገው አወጡት፤ ልክ እንደ ሰውየው። ደረጃው ላይ ደረሱ። የዚያ ሕንፃ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ዕቃ የሚያወርድ ሰው ዕቃውን በቁሙ ሊያቆመው ምንም አይቀረው። እግሩ በኩል ወደ ታች አዘነበለ።

ኳ።

መሰላል ቀጥ አሉ። ኋላ ያሉት ሊወድቁባቸው ለትንሽ ተረፉ። ምን ሆነሃል አሉዋቸው። ምንም ብለው ወረዱ። ደረጃው የሚታጠፍበት ጠፍጣፋ ወለል ላይ ደርሰው ሲያዞሩት ራሱ በኩል ዝቅ አለ።

ኳ።

ለልጅየው ያን ጊዜ ገባው። ገዢ ካርቶን የሚነቀንቀው ግራና ቀኝ ነው። እሱም ሲሞክር የኖረው ግራና ቀኝ ነው። ማንም ብስኩት ገዝቶ በደረጃ በቁሙ አያወርድም። ክንፉ የሚይዘው ከጎንና ከጎን ብቻ ነው፤ አባቱ ከዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ ውስጥ አንዴ ወደ እግር፣ አንዴ ወደ ራስ ይሄዳሉ።

አንድ ጆሯቸው የማይሰማው አክስታቸው ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

«ያንኳኳል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰውየው ያንኳኳል።»

ደረጃው ከላይ እስከ ታች ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሣጥኑ ጫፍ ተንሸራተተና እንደገና መታ። ከላይ የነበሩ ሴቶች ወደ ቤቱ ሸሹ፤ ከታች የነበሩት ወደ መንገዱ። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን ጠፍጣፋው ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም፤ የፈራ ፈረስ እንደሚያረጋጋ ሰው መዳፋቸውን እንደጫኑበት ቆሙ።

እህቱ ሰው እየጣሰች መጣች። ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት አልነበረም። ተስፋ ነበር፤ ልጅየው ከፍርሃቱ ሁሉ በላይ እሱን ማየት አቃተው።

«ክፈቱት» አለች።

«እትዬ፣ አይደለም» አላት። «እሱ አይደለም።»

«በሕይወት ዘግተህበታል። ስሜው ቢሆን አውቅ ነበር። ክፈቱት ብያለሁ።»

«እሱ አይደለም የሚያንኳኳው። ባዶ ቦታ ነው።»

«የምን ባዶ ቦታ?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «አባዬ ሙሉ ሰው ነው። የት ሄዶ ነው ባዶ ቦታ የሚኖረው?»

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረው። ዝም ቢል፣ እህቱ አባቷ በሕይወት እንደተቀበሩ እያመነች ትኖራለች፤ ሠፈሩም እንደዚያው። ቢከፍተው፣ ቃል የገባላቸው ነገር እዚሁ ደረጃ ላይ፣ በጓደኞቻቸው ፊት ይዘረገፋል። ከሟቹና ከእህቱ መምረጥ ነበረበት። ዓይኗን አየ። አናጢው ትቶት የሄደውን የምስማር መንቀያ ሊያመጣ ወደ ቤት ወጣ፤ በዚያ የካርቶን ክምር መሀል ሲያልፍ እግሩ ሥር ቧ ቧ ይል ነበር።

ክዳኑን የነቀለው ራሱ ነው።

መጀመሪያ የታየው አባቱ አልነበሩም። ፈገግተኛዋ ብስኩት ነበረች፤ ከራስ እስከ እግር፣ ከግራም ከቀኝም ተደርድራ፣ ትንንሽ እጆቿን እያወዛወዘች። ከሥሯ በቀይ ፊደል «አዲስ፤ አሁን ተለቅ ብሎ መጥቷል» ይላል፤ ደግሞ ደጋግሞ፣ በየእጥፉ። ከላይ ደረጃ ላይ የቀረ አንድ ጎረቤት፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ሁሉ ሳያስበው ጮክ ብሎ አነበበው፤ «መጥቷል» ላይ ሲደርስ ምን እያለ እንደሆነ ገባውና ቃሉን ዋጠው። በዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል በነበረች ቀጭን ቦይ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ሽማግሌ በጎናቸው ተጋድመዋል።

ገመዱ በአፋቸው አንድ ነገር አፈኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። መሰላል የሣጥኑን ወለል በእግራቸው ነካ አደረጉ፤ የአሸዋው ድምፅ ሲመልስላቸው ገባቸው። ልጁን አዩት። 

እህቱ ተንበርክካ የአባቷን ጉንጭ ነካች። እጇን እዚያው ብዙ አቆየችው። ከዚያ ተስፋው ከፊቷ ሲወጣ ልጅየው በዓይኑ አየው፤ መብራት ከክፍል ወደ ክፍል እየጠፋ እንደሚሄድ ነበር። ክንፎቹን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። አልሰደበችውም። ወረቀቱ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ጨርሳ ስትነሣ ሣጥኑ አዳራሽ ሆኖ ቀረ፤ አባቷ መሀል ላይ ናቸው።

አንዱ ኮት እናውልቅና ዙሪያውን እንጠቅጥቀው አለ። ሌላው ሌላ ሣጥን እስኪሠራ ይመለሱ አለ። ልጅየው ሁለቱንም አልሰማም። «እኔ ልያዘው» አለ።

እህቱ ብርድ ልብሱን አምጥታ ጠቀለለቻቸው። ጎንበስ አለና አንድ እጁን ከአንገታቸው፣ አንድ እጁን ከጉልበታቸው ሥር ሰደደ። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀውን አባት ለማንሣት ነው የተዘጋጀው፤ እግሩን አንፈራጠጠ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ በሙሉ ጉልበቱ ብድግ አለ። ክንዱ ላይ ምንም አልነበረም። ጉልበቱ የሚያርፍበት አጥቶ ወደ ኋላ ተንገዳገደና ደረጃው ጫፍ ላይ ሄደ። «ተጠንቀቅ» የሚል ወፍራም ድምፅ ከታች መስኮቱን አርገበገበው፤ እጅ ደረሰና ያዘው። ኋላ ሲጠያየቁ ከታች የነበሩት፣ መሰላል ናቸው የጮሁት አሉ። መሰላል፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም አሉ።

የሆነው ሆኖ ሁሉም አይቷል። አባቱ የፈሩት ነገር በጓደኞቻቸው ክንድ ላይ ሳይሆን በልጃቸው ክንድ ላይ ሆነ፤ እንደ ላባ ብድግ አሉ። ልጅየው ፊቱን ቀና ሳያደርግ ደረጃውን ወረደ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት። ትልቁ ሣጥን አፉን ከፍቶ ጠፍጣፋው ላይ ቀረ፤ ለቀስተኛው ግድግዳ እየታከከ ያልፈዋል።

መንገዱ ላይ ጥቂት እንደሄዱ መሰላል ከጎኑ መጡና፣ አምጣው ልጄ አሉት። አልከበደኝም ሊል ነበር። አስተላለፈላቸው። መሰላል ሲቀበሉ ጉልበታቸው እጥፍ አለ። የአንገታቸው ሥር ገተረ፣ በአፍንጫቸው ረጅም ማቃሰት አወጡ፣ አይ ቁም ሣጥኑ እያሉ እየተወላገዱ ሄዱ። ከዚያ ገመዱ ተቀበሉ፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጀርባቸውን ለጥጠው፣ አንድ እጅ ደግፉኝ አሉ። ከዚያ ሦስተኛው። እነዚህ ሰዎች ፍሪጅ በጀርባቸው አዝለው ሲቀላለዱ ያያቸው ልጅ ነው። ገባው። አንዳቸውም አንዳቸውን ሳይጠቅሱ፣ ሳይመካከሩ፣ ለጓደኛቸው ክብደት እያበጁለት ነው። በመንገዱ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ምን ያለ ግዙፍ ሰው ቢሞት ነው ይል ነበር። ልጅየው ከቤት ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

የመቃብሩ አጥር ሲታይ ጨዋታው የተለወጠ መሰለው። ማቃሰቱ አነሰ፤ ቅብብሎሹ ግን ፈጠነ። አንዱ ተቀብሎ ብዙ ሳይራመድ ለሌላው ይሰጣል። ማንም ስም አይጠራም፣ ማንም አይቀልድም። ጠዋት የቀላው የገመዱ ፊት አሁን ዐመድ መስሏል፤ ላቡ በአገጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። መሰላል ወደ ልጁ ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «መጀመሪያ ላይ እያስመሰልን ነበር።»

 ልጅየው ለሚቀጥለው ቃል ቆመ። የሚቀጥል ቃል አልነበረም።

በሩ ላይ ተራው የሱ ሆነ። ገመዱ ብርድ ልብሱን ክንዱ ላይ ሲያሳርፉለት ምድር ወደ ላይ የመጣች መሰለው። ጉልበቱ ጠጠሩን ነካ። በዚያ ጥቅልል ውስጥ ያለው ፊት ያው ነው፣ ትንሽ ነው፣ ዓይኑ ተከድኗል፤ ክንዱ ግን ከትከሻው ሊነቀል ደርሷል። አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማ።  እህቱ ከግራ እጇን ሰደደች፤ ማታ ማታ ስታገላብጣቸው የኖረች ናትና የሚቀለውን ያህል ጠብቃ ነበር፤ ሲያርፍባት ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። መሰላል ከቀኝ ገቡ፣ ገመዱ ከሥር፣ ሌሎቹም ባገኙበት። ልጅ የሚያህለውን ጥቅልል ያ ሁሉ ሰው ተሸክሞ፣ እግር እየጎተተ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ።

ቆፋሪው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ከዚህ ሠፈር ማንንም አያውቅም። አካፋውን ተደግፎ ሲመጡ ያያቸዋል። ይህችን ጥቅልል ለማውረድ ይኼ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል ሊል ፈገግ ብሎ አፉን ከፈተ። ቸኩሎም ነበርና ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ እኔ ልቀበላችሁ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ጥቅልሉ ክንዱ ላይ ሲያርፍ አፉን ዘጋው። «ቀስ» አለ ከታች ሆኖ፣ እግሩ ለስላሳው አፈር ውስጥ እየሰመጠ። «ቀስ አድርጉ፤ እንዳትለቁብኝ።»